ቱቦው ይቅደም ወይስ እንቁላሉ? ከኬሞ በፊት ለሚመርጡ የወሎ ቤተሰቦች

የአክስቴ ልጅ ከሐይቅ ደሴ የመጣችው የምርመራ ወረቀቷን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ነው። 29 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰር። የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። እሷም ባሏም ተጨማሪ ልጅ ይፈልጋሉ። እኔ ነርስ ስለሆንኩ ዘመድ ሁሉ «ሲስተር ትንገረን» ብሎ ቤቴ ተሰበሰበ።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሕክምናው መቼ እንደሚጀመር ነው። ቀጥላ ክንዷን ዘርግታ አሳየችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ደም ስሯ አይገኝም። ሦስት አራት ጊዜ ሳትወጋ መርፌ ገብቶላት አያውቅም። ሦስተኛውን ጥያቄ ግን ያነሳችው አክስቴ ናት። ቶናውን እየቀዳች፣ ቀና ሳትል፦ «ለመሆኑ ከዚህ በኋላ ትወልዳለች?»

ይህ ጥያቄ ኬሞ፣ ማለትም በደም ስር የሚሰጠው የካንሰር መድኃኒት፣ ከመጀመሩ በፊት መነሳት አለበት። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሳላነሳው ቀርቻለሁ። ከዓመታት በፊት፣ በሌላ ሆስፒታል ስሠራ፣ አንዲት አዲስ ሙሽራ ካኑላ (ክንድ ላይ የምትሰካውን ትንሽ ቱቦ) ሰክቼ ኬሞ አስጀመርኳት። ሦስተኛው ዙር ላይ የወር አበባዋ ቆመ። «ሲስተር፣ ይመለሳል አይደል?» አለችኝ። ሐኪሙ አስቀድሞ አልነገራትም። እኔም አልነገርኳትም። የምመልሰው አጣሁ። ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ የጀመርኩት ያን ቀን ማታ ነው።

እዚህ ሁለት ምርጫዎችን አብሬ አያለሁ። አንዱ መድኃኒቱ በየት በኩል፣ በምን ዓይነት ቱቦ ይግባ የሚለው ነው። ሌላው የመውለድ ዕድልን በምን እናቆይ የሚለው። ሆስፒታል ውስጥ ሁለቱን የሚያዩት የተለያዩ ክፍሎች ስለሆኑ ብዙ ጊዜ አብረው አይነሱም። አንዱ ግን ሌላውን ይነካል። እንዴት እንደሚነካ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ከማወዳደር በፊት የሚጠየቅ

ሐኪሙን የመድኃኒቶቹን ስም ጠይቁት። ወረቀት ላይ ይጻፍላችሁ። ለጡት ካንሰር በብዛት የሚታዘዘውን ጥምረት ብንወስድ፣ ሁለት መድኃኒቶች አብረው ይሰጣሉ። አንደኛው ዶክሶሩቢሲን ነው። ታካሚዎች «ቀዩ» ይሉታል፣ ቀለሙ እንደ ቪምቶ ነው። ይህ መድኃኒት ከደም ስር አምልጦ ሥጋ ውስጥ ከፈሰሰ ሥጋውን ይገድለዋል። ቁስሉ ለወራት ላይድን ይችላል፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገውም አለ። ሁለተኛው ሳይክሎፎስፋማይድ ነው። እሱ ደም ስር ላይ ያን ያህል አይከፋም። የሚጎዳው እንቁላል ማምረቻውን ነው። ሴት ልጅ ስትወለድ ይዛው የመጣችውን የእንቁላል ክምችት ይቀንሳል። መጠኑ ሲበዛና ዕድሜ ሲገፋ ጉዳቱ ይብሳል።

አያችሁ፣ በአንድ ቀን ከሚገቡት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ የቱቦውን ጥያቄ ያመጣል፣ ሌላው የልጁን። ስማቸውን ሳታውቁ ማወዳደር ዝም ብሎ መገመት ነው።

ቀጥሎ ስንት ዙር፣ በስንት ሳምንት ልዩነት እንደሆነ ጠይቁ። በየሦስት ሳምንቱ አራት ዙርና በየሳምንቱ አሥራ ሁለት ዙር አንድ አይደሉም። ከዚያ ደግሞ ሐኪም የማይጠይቃችሁ የቤታችሁ ጥያቄ አለ። አስታማሚው ማነው? ቤታችሁ ከአስፋልት ምን ያህል ይርቃል? እዚሁ ደሴ ሮቢት የምትኖር ሴትና ራቅ ካለው ከተንታ በስተጀርባ የምትኖር ሴት፣ በሽታቸው አንድ ቢሆንም የሚስማማቸው ቱቦ ላይገጥም ይችላል።

ካኑላ

ሁሉም የሚያውቀው ነው። ክንድ ላይ ይሰካል፣ ሲያልቅ ይነቀላል። ቀዶ ሕክምና የለውም፣ ዋጋው ትንሽ ነው፣ የትም ይገኛል። ደም ስሯ ጥሩ ለሆነች ሴት፣ በየሦስት ሳምንቱ አራት ዙር ብቻ ከሆነ ካኑላ ይበቃል። «ዘመናዊ አይደለም» ብላችሁ አትናቁት።

ግን ቀዩ የሚሰጥ ከሆነ የሚሰካበት ቦታ ይታያል። የእጅ ጀርባና የክርን መታጠፊያ አይመረጡም፣ የክንድ መሀል ይሻላል። ጡቷና የብብት እጢዋ ቀዶ ሕክምና በተደረገበት በኩል ያለው ክንድ በተቻለ መጠን ይተዋል። ክንዱን በሞቀ ፎጣ መጠቅለል፣ ጠዋት ውሃ ጠጥቶ መምጣት ይረዳል። መድኃኒቱ እየገባ የሚያቃጥል ነገር ከተሰማ ወዲያው መናገር ነው። እኛ ወሎዬዎች ይሉኝታ ይገድለናል። «ሲስተሯ ሥራ በዝቶባታል፣ ምንም አይል» ብላ እያቃጠላት ዝም ያለች ሴት አይቻለሁ። እባካችሁ ጩኹ።

ካኑላ የሚሸነፈው በጊዜ ነው። ኬሞ ደም ስርን ያደነድናል። አንደኛው ዙር ላይ በአንድ ሙከራ የገባው መርፌ አራተኛው ላይ አምስት ሙከራ ሊፈልግ ይችላል።

አንገትና ታፋ ላይ የሚገባው

ታካሚው በጠና ሲታመም፣ ወይም ደም ስር ጨርሶ ሲጠፋ፣ ከአንገት፣ ከአጥንተ ትከሻ (ከአንገት ግርጌ ወደ ትከሻ ከሚዘልቀው አጥንት) ስር ወይም ከታፋ ሥር ወደ ትልቁ ደም ስር የሚገባ ቱቦ አለ። ብዙዎቻችን «ሴንትራል ላይን» የምንለው እሱን ነው። ለቀናት ነው የሚቆየው። ተይዞ ወደ ቤት አይኬድም። ስለዚህ ለኬሞ ምርጫ ውስጥ ባይገባም፣ በድንገት ሊገጥማችሁ ስለሚችል ልንገራችሁ።

ዣን-ዣክ ፓሪየንቲ የሚባል ፈረንሳዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ታካሚዎችን በዕጣ ከፋፍሎ ሦስቱን ቦታዎች አወዳድሯል። ውጤቱ በፈረንጆች 2015 ወጣ። 3,471 ቱቦዎች ናቸው። ከባድ ኢንፌክሽንና የሚያሳምም የደም መርጋት ተደምረው ሲቆጠሩ፣ ቱቦው በቆየበት በየ1,000 ቀኑ ከአጥንተ ትከሻ ስር 1.5፣ ከአንገት 3.6፣ ከታፋ 4.6 ሆኑ። ታዲያ የመጀመሪያው አሸነፈ ማለት ነው? አይደለም። እዚያ ቦታ ሲገባ ሳንባን የመውጋት አደጋው ከፍ ይላል። ደረት ላይ ቱቦ የሚያስፈልገው የሳንባ ጉዳት በእሱ 1.5 ከመቶ ነበር፣ በአንገት 0.5 ከመቶ፣ በታፋ ምንም። ይህን ጥናት የምወደው ለዚህ ነው። ንጹሕ አሸናፊ የለውም። የትኛውን አደጋ ትመርጣለህ ብሎ ነው የሚጠይቅህ።

ታፋ ላይ የገባ ቱቦ ካለ በየቀኑ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?» በፈረንጆች 2006 ፒተር ፕሮኖቮስት የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ከሚሺጋን ሆስፒታሎች ጋር ባሳተመው ሥራ የደም ኢንፌክሽንን እስከ 66 ከመቶ የቀነሱት በአምስት ተራ ነገሮች ነው። እጅ መታጠብ፣ ታካሚውን ሙሉ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ ታፋን መሸሽ፣ የማያስፈልገውን ቱቦ ማውጣት። አዲስ መድኃኒት አልፈጠሩም። አስታማሚ ደግሞ አምስተኛዋን ማስታወስ ይችላል።

ፒክ ላይን ወይስ ፖርት?

ዋናው ክርክር እዚህ ነው።

ፒክ ላይን ከክርን በላይ፣ በክንድ ውስጠኛ በኩል፣ በአልትራሳውንድ እየታየ የሚገባ ቀጭንና ረጅም ቱቦ ነው። ጫፉ ልብ ደጃፍ ካለው ትልቅ ደም ስር ላይ ይቆማል። «ልቤ ውስጥ ገባ ወይ?» ብለው የሚደነግጡ አሉ። አብሽሩ፣ ደጃፉ ላይ ነው። መንገዱን የጀመረው ቨርነር ፎርስማን የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ሐኪም ነው። በፈረንጆች 1929 ቱቦ በራሱ ክንድ ከትቶ እስከ ልቡ ገፋው፣ ከዚያ በእግሩ ሄዶ ኤክስሬይ ተነሳ። ያኔ ተቆጡት። በ1956 ኖቤል ሰጡት።

ፖርት ሌላ ነው። ከቆዳ ስር፣ ደረት ላይ፣ የቆርኪ መጠን ያላት ክፍል ትቀበራለች። ቱቦዋ ከውስጥ ወደ ደም ስር ይገባል። ኬሞ ሲሰጥ በልዩ መርፌ በቆዳ ላይ ይወጋል። ሲያልቅ መርፌው ይወጣል፣ ላይ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ለማስገባትም ለማውጣትም ትንሽ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል።

በፈረንጆች 2021 በብሪታንያ የካንሰር ክፍሎች 1,061 ሰዎችን ያካተተ የዕጣ ጥናት ታተመ። ፒክና ፖርት ፊት ለፊት ሲነጻጸሩ፣ ከፒክ ተጠቃሚዎች 47 ከመቶው፣ ከፖርት ተጠቃሚዎች 32 ከመቶው ችግር ገጠማቸው። ኢንፌክሽን፣ መርጋት፣ መዘጋት። ሂክማን የሚባለው፣ ከደረት ቆዳ ስር ሾልኮ ጫፉ ውጭ የሚንጠለጠለው ቱቦም በፖርት ተበልጧል፤ 43 ከመቶ ለ29። ስለ ሂክማን ከዚህ በላይ አልሄድም። ለረጅምና ተደጋጋሚ ሕክምና፣ በተለይ ለደም ካንሰር፣ ቦታ አለው። ለአክስቴ ልጅ ዓይነቷ ግን አልመርጠውም።

ቁጥሩ ፖርትን ያስመርጣል። ግን ቁጥሩ የተሠራው ቧንቧ ውሃ ቤት ውስጥ ባለበት አገር ነው። ወደ እኛ እናምጣው።

ፒክ ላይን በየሳምንቱ መታጠብና ማሸጊያው መቀየር አለበት። በጨው ውሃ፣ በንጹሕ ጓንት፣ በሠለጠነ እጅ። ጤና ጣቢያችሁ ይህን የሚያውቅ ነርስ አለው? አስቀድማችሁ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ፣ «አለ» ሲሏችሁ ብቻ አትመኑ። ከሌለ በየሳምንቱ ደሴ መምጣት ነው። ፖርት ግን ሥራ ላይ ካልሆነ በየአራት ሳምንቱ ቢታጠብ ይበቃዋል። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴ ሲደርስና መንገድ ሲዘጋ፣ በየሳምንቱ መታጠብ ያለበት ቱቦ የያዘ ሰው ምን እንደሚሆን ማሰብ አያቅትም። እንዲህ ያለውን ቀን የፈረንጅ መመሪያ አያስበውም፤ እኛ ግን አይተነዋል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ፒክ ላይን ያለበት ክንድ መራስ የለበትም። ውዱእ እስከ ክርን ነው፣ ማሸጊያው አብዛኛውን ጊዜ ከክርን በላይ ነው፤ ግን እጅ ሲነሳ ውሃው ወደ ላይኛው ክንድ ይፈሳል። ከላይ በፕላስቲክ ጠቅልሎ በጥንቃቄ ማድረግ ይቻላል። ቁስልና ማሰሪያ ላይ ማበስ ስለሚፈቀድበት ሁኔታ ደግሞ ሸኻችሁን ጠይቁ፣ ቀላል መልስ ነው የሚሰጧችሁ። ጠበል ለሚጠመቁ ፒክም ሂክማንም አይሆንም። ላይ ላይ በሚወጣው ቱቦ ጀርም ተከትሎ ቀጥታ ወደ ደም ይገባል። ፖርት ግን ቁስሉ ከዳነና መርፌው ከወጣ በኋላ ገላ መታጠብም ጠበልም አይከለክልም። ይህን ሳስረዳ እፎይ ያሉ እናቶች ብዙ ናቸው።

ሦስተኛው ሥራ ነው። ፒክ ባለበት ክንድ ከባድ ነገር ማንሳት ክልክል ነው። ጀሪካን አይነሳም፣ እንጨት አይፈለጥም። ፖርት ክንድን ነጻ ያወጣል። ግን ለእናት አንድ ወጥመድ አለው፦ አንቀልባ። ልጅ ሲታዘል ማሰሪያው ደረት ላይ የሚያርፈው ልክ ፖርቱ ያለበት ላይ ነው። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪሙ «ልጅ አዝላለሁ፣ ማሰሪያዬ እዚህ ነው የሚያልፈው» ብላችሁ በጣት አሳዩት። ቦታውን በትንሹ ማዛወር ይቻላል። ማንም አይጠይቃችሁም፣ ራሳችሁ ተናገሩ።

ፖርት ደካማ ጎኑ ዋጋውና አቅርቦቱ ነው። ልዩ መርፌውም የትም አይገኝም። ፖርት ተቀብሮ መርፌው ከጠፋ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ፖርት ከማስገባታችሁ በፊት ኬሞ የምትወስዱበት ክፍል መርፌው እንዳለውና የሚወጋ ሰው እንዳለ አረጋግጡ። ተራ መርፌ ሊወጉበት ካሉ እምቢ በሉ፣ ክዳኑን ይበጣጥሰዋል።

ትኩሳት ግን ለሁሉም አንድ ነው። ቱቦ ያለበት ኬሞ ላይ ያለ ሰው 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል። ዳማከሴ ጨምቆ ማደር አይቻልም።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ

ወንድ ከሆነ አጭር ነው። ኬሞ ከመጀመሩ በፊት የዘር ፈሳሽ ሰጥቶ ማስቀመጥ። ሁለት ሦስት ቀን ከግንኙነት መታቀብ፣ አንድ ጠዋት፣ አንድ ኩባያ። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም፣ በበረዶ ከተቀመጠ የዘር ፈሳሽ እርግዝና የተገኘው በፈረንጆች 1953 ነው። ወንዶች ግን ያፍራሉ። የ20 ዓመት ልጅ አባቱ አጠገቡ ቆሞ አይናገርም። እናንተ ወጣ በሉለት።

ለሴት አማራጩ ይበዛል።

ባለትዳር ከሆነች ጽንስ ማስቀመጥ ነው የቆየው መንገድ። ለአሥር ቀን ያህል፣ እስከ ሁለት ሳምንት፣ በመርፌ እንቁላሎቿ እንዲበስሉ ይደረጋል። ከዚያ በአልትራሳውንድ እየታየ ይቀዳሉ። ከባሏ ዘር ጋር ላብራቶሪ ውስጥ ይገናኛሉ። በናይትሮጅን ፈሳሽ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ፣ ይቀመጣሉ። ያላገባች ከሆነች እንቁላሉ ብቻውን ይቀመጣል። በፈረንጆች 2012 የአሜሪካ የመካንነት ሐኪሞች ማኅበር እንቁላል ማቀዝቀዝን ከሙከራ ደረጃ አውጥቶታል። የወር አበባዋ የሚመጣበትን ቀን መጠበቅም ግድ አይደለም፣ በማንኛውም ቀን መጀመር ይቻላል። ጡት ካንሰር ላይ ሌትሮዞል የሚባል ኪኒን አብሮ ይሰጣል፣ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን እንዳይንር።

እዚህ ላይ ቤተሰብ የሚፈራውን ላንሳ። እንቁላል የሚቀዳው በብልት በኩል ነው። ላላገባች ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ እናቶች በሹክሹክታ ነው የሚጠይቁኝ። ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት። በሆድ በኩል የሚቀዳበት ሁኔታ አለ። እንቁላል ያለበትን ሥጋ በሆድ ትንሽ ቀዳዳ ወስዶ ማቀዝቀዝና በኋላ መመለስም ሌላ መንገድ ነው። በዚህ ሁለተኛው መንገድ የመጀመሪያው ልጅ የተወለደው በፈረንጆች 2004 ቤልጅየም ውስጥ፣ በፕሮፌሰር ዣክ ዶኔ ቡድን ነው። ሆርሞን መውጋት አይፈልግም፣ ሁለት ሳምንት አይጠብቅም፣ ለአቅመ ሔዋን ላልደረሰች ልጅም ይሆናል። ለደም ካንሰር ግን ይፈራል፣ ሥጋው ሲመለስ በሽታውን ይዞ ሊመለስ ስለሚችል። ላብራቶሪውም ቀላል አይደለም፤ መኪና ከመሳፈራችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

ስለ ሃይማኖት ደግሞ፦ ብዙ የእስልምና ሊቃውንት በባልና ሚስት መካከል፣ ትዳሩ እስካለ ድረስ፣ ይህን ሕክምና ይፈቅዳሉ። የሦስተኛ ሰው ዘር አይገባም። ክርስቲያኖች የነፍስ አባታችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ፣ በተለይ የሚተርፈው ጽንስ ምን ይሆናል የሚለውን። በእኛ አገር አንድ ቤት ውስጥ ሸኽም ቄስም ዘመድ አለ፤ ሁለቱም ተጠርተው ቡና እየጠጡ ሲወያዩ አይቼ አውቃለሁ።

ሌላው አማራጭ መርፌ ነው፣ ጎሰሬሊን። ኬሞ ከመጀመሩ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ሆድ ቆዳ ስር ይወጋል፣ ከዚያ በየአራት ሳምንቱ። እንቁላል ማምረቻውን ያስተኛዋል። በፈረንጆች 2015 የታተመ ጥናት፣ ሆርሞን ተቀባይ በሌለው (በሴት ሆርሞን በማያድገው) የጡት ካንሰር ላይ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እንቁላል ማምረቻቸው የቆመባቸው ሴቶች መርፌውን ከወሰዱት 8 ከመቶ፣ ካልወሰዱት 22 ከመቶ መሆናቸውን አሳየ። ጥሩ ነው። ግን ብቻውን የማስቀመጥ ምትክ አይደለም። እኔ «ማስቀመጥ ከቻልሽ አስቀምጪ፣ መርፌውንም ጨምሪ፤ ካልቻልሽ ቢያንስ መርፌውን» ነው የምለው።

የት ይኬዳል? አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው፣ የግል ክሊኒኮችም አሉ። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አቅም ካለ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን። ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ነገር በስልክ ጠይቁ። ለካንሰር ታካሚ ያስቀምጣሉ ወይ? በየዓመቱ የማስቀመጫ ክፍያ ስንት ነው? ውሉ በጽሑፍ ይሰጣል ወይ? የካንሰር ሐኪማችሁም ስንት ሳምንት መጠበቅ እንደሚቻል በቁጥር ይንገራችሁ። ብዙ የጡት ካንሰር ሁለት ሳምንት ይታገሳል። አጣዳፊ የደም ካንሰር አይታገስም።

ለምን እንቁላሉ ይቀድማል

አሁን ቃል የገባሁት። እንቁላል ለማብሰል የሚሰጠው ሆርሞን ኤስትሮጅንን ከፍ ያደርጋል። ከፍ ያለ ኤስትሮጅን ደምን ወደ መርጋት ይገፋል። ካንሰሩ ራሱ ደምን ያረጋል። ደም ስር ውስጥ የተቀመጠ ቱቦም ዙሪያው ላይ ደም ያረጋል። ሦስቱ በአንድ ሳምንት ሲገናኙ ጥሩ አይደለም። እንቁላል ማምረቻው ከመጠን በላይ ሲነቃቃ የሚመጣው ችግር ደግሞ የሚገርም ባሕርይ አለው። በመካንነት ሕክምና ላይ የደም መርጋት በአንገትና በክንድ ደም ስሮች ላይም ተመዝግቧል፤ ልክ ቱቦው የሚቀመጥበት ቦታ።

ስለዚህ ምርጫ ካለ፣ እንቁላሉ ይቀዳ፣ ሆርሞኑ ይውረድ፣ ከዚያ ቱቦው ይግባ። ለሆርሞኑ ወቅት ካኑላ ይበቃል። ቱቦው ቀድሞ ከገባም ዓለም አልጠፋም፤ ግን ለመካንነት ሐኪሙ ቱቦ እንዳለ፣ ለካንሰር ሐኪሙ ሆርሞን እንደተጀመረ ንገሩ። መነቃቃቱን የሚያለሳልስ አወሳሰድ አለ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒትም ሊያስቡበት ይችላሉ። ክንድ ወይም አንገት ካበጠ፣ ከቀላ፣ ከከበደ አትጠብቁ። ሌላም ምክንያት አለ። ኬሞ ከጀመረ በኋላ ነጭ የደም ሴል ይወርዳል፣ ያኔ እንቁላል ለመቅዳት መርፌ ማስገባት ለኢንፌክሽን መጋበዝ ነው።

በዚሁ መስመር ላይ የሚረሳ አንድ ነገር። ኬሞ ላይ ሆኖ ማርገዝ አይገባም፣ የወር አበባ ቆመ ማለትም አታረግዝም ማለት አይደለም። ታዲያ በምን ትከላከል? የተለመዱት የሦስት ወር መርፌና ክንድ ላይ የሚቀበረው ሆርሞን ናቸው፤ ጡት ካንሰር ላለባት ግን አይሆኑም። ኪኒኑም እንደዚያው፣ መርጋትንም ይጨምራል። መዳብ ያለው ሉፕ ወይም ኮንዶም ይሻላል። ክንዷ ላይ የተቀበረ ኢምፕላንት ካላት ለሐኪሙ ትናገር። ፒክ ላይን የሚገባውም እዚያው የክንድ ውስጠኛ በኩል ነው፤ አንድ ክንድ ላይ ሁለቱን አጋጥሞኝ ያውቃል።

ለኩላሊት ታካሚዎች በአጭሩ፦ ለዲያሊስስ (ደምን በማሽን ለማጣራት) ፊስቱላ፣ ማለትም ክንድ ላይ በቀዶ ሕክምና የተገናኙ ሁለት ደም ስሮች፣ ከቱቦ ይሻላል፣ ስለዚህ ፒክ ላይን ክንዳችሁ ላይ እንዲገባ ቶሎ አትፍቀዱ። ደም ስሩ ይጠብና ለፊስቱላ ላይሆን ይችላል። መውለድ ደግሞ ዲያሊስስ ላይ ሳለ ከባድ ነው፤ ከንቅለ ተከላ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

የእሷ ነገር

የአክስቴ ልጅ ካንሰር ሆርሞን ተቀባይ ያለው፣ በሴት ሆርሞን የሚያድግ ነበር። ከኬሞው በኋላ ሆርሞኑን የሚያግድ ኪኒን፣ ታሞክሲፈን፣ ለዓመታት ትወስዳለች ማለት ነው። «እስከዚያ አርጅቼ!» አለች። በፈረንጆች 2023 የታተመ አንድ ጥናት አሳየኋት። ከ42 ዓመት ያልበለጡ፣ ከ18 እስከ 30 ወር እንዲህ ያለ ሆርሞን የሚያግድ መድኃኒት የወሰዱ ሴቶች እስከ ሁለት ዓመት አቋርጠው ለመውለድ ሞከሩ። በሦስት ዓመት ውስጥ በሽታው የተመለሰባቸው 8.9 ከመቶ ሆኑ፣ ካላቋረጡት ጋር ሲነጻጸር ልዩነት አልታየም። የረጅም ጊዜው ገና እየተጠበቀ ነው። ይህንንም ነገርኳት።

አዲስ አበባ ሄደች። አሥራ ሁለት ቀን። አራት ጽንስ ተቀመጠላቸው። ተመልሳ ካኑላ እንሞክር አለች፣ እኔም አልተቃወምኩም። ሁለተኛው ዙር ላይ አራት ጊዜ ወጋኋት። አምስተኛውን ልሞክር ስል ባሏ «ሲስተር፣ በአላህ፣ ይብቃ» አለ። ፖርት ገባላት። ማሰሪያዋ የሚያልፍበትን በከሰል ምልክት አድርጋ ነው ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባችው፣ ሐኪሙ ሳቀ፣ ግን ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ አደረገው።

ኬሞው አልቋል። ፖርቱ ለጊዜው አለ፣ በየአራት ሳምንቱ ላጥብላት ትመጣለች። ቀኑን የምትይዘው አክስቴ ናት። የግድግዳ ካላንደር አትፈልግም፣ በጨረቃ ነው የምትቆጥረው። አንድ ሁለት ቀን እየዘገዩ ነው የሚመጡት። ለፖርቱ ችግር የለውም። ባለፈው ግን «ጨረቃዋ ናት ወይስ አንቺ?» ብዬ ስጠይቃት፣ ልጅቷን ከአንቀልባ እያወረደች፣ «እኔ 18 ጨረቃ ነው የምቆጥረው፣ የአንቺን ቱቦ አይደለም» አለችኝ።